«ሐሙስ መድረስ አለበት» ስትዪ

ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢያት። «ዘ ኮንቴይነር ማስት አራይቭ ኦን ተርስደይ» ብለሻል። ምን ለማለት እንደፈለግሽ ይገባኛል። መርከቡ ጅቡቲ ገብቷል፣ ዕቃው ተራግፏል፣ ወረቀቱ አልቋል፣ መኪናው ተነስቷል፤ እንግዲህ ኮንቴይነሩ ሐሙስ ሞጆ ደረቅ ወደብ መድረስ አለበት። በአማርኛ ምንም እንከን የለውም። የእኛ «አለበት» ግዴታም ይሆናል፣ ግምትም ይሆናል፤ ሰሚው ከወሬው አካሄድ ይለየዋል። ደንበኛሽ ግን ደብዳቤውን ሲከፍት የሚያነበው «ኮንቴይነሩ ሐሙስ የግድ እንዲደርስ ያስፈልጋል» የሚል ነው። ማነው ያስገደደው? ጉምሩክ ነው? ውሉ ነው? ወይስ አንቺ እሱን እያዘዝሽው ነው? ዕቃውን እየጠበቀ ያለው እሱ ሆኖ ሳለ ትእዛዝ የደረሰው ይመስለዋል።

እዚያ ቦታ የሚገባው «ሹድ» ነው። «ዘ ኮንቴይነር ሹድ አራይቭ ኦን ተርስደይ።» ነገሩ በታሰበለት መንገድ ከሄደ ሐሙስ ይደርሳል ማለት ነው። ቀኑን ይሰጠዋል፣ መንገድ ላይ ነገር ሊፈጠር እንደሚችልም ይነግረዋል።

ሰዋስው ለማሳመር ብዬ አይደለም የያዝኩሽ። ያ ሰው በአንቺ አንድ ቃል ተማምኖ ማሽኑን የሚተክል ቴክኒሻን ከውጭ ያስመጣል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ክሬን ይከራያል። ኮንቴይነሩ በጊዜው ካልተነሳ ዴመሬጁ (የማቆያ ክፍያው) በቀን ይቆጠራል፣ ያውም በዶላር። ያወቅሽውን ያህል እርግጠኛ፣ ያላወቅሽውን ያህል ጠርጣራ ሆነሽ ካልጻፍሽለት፣ ገንዘቡን ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያወጣ እያደረግሽው ነው።

ክፍል ውስጥ ያስተማሩን «ማስት ግዴታ፣ ሹድ ምክር፣ ካን ችሎታ፣ ሜይ ፈቃድ» ብለው ነው። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እነዚሁ ረዳት ግሶች ሁለተኛ ሥራ አላቸው፤ ሊሆን ስለሚችለው፣ ሳይሆን ስለማይቀረው፣ ስለምንጠብቀው ነገር መናገሪያ ናቸው። ይህንን ሁለተኛ ሥራ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ደግሞ ብዙ ጊዜ ደረጃ ያወጡለታል። ከታች «ማይት»፣ ከፍ ሲል «ሜይ»፣ ከዚያ «ሹድ»፣ «ማስት»፣ ከላይ «ዊል»፤ አንዳንዶቹ አጠገቡ ፐርሰንት ይጽፋሉ። እኔ በዚህ ደረጃ አልስማማም። ለፈተና ይረዳ ይሆናል፤ ደብዳቤ ለምትጽፍ ሴት ግን አይበቃም። ቃላቱን በዋናነት የሚለያቸው እርግጠኝነትሽ ከየት መጣ የሚለው ነው፤ መጠኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ «ስንት ፐርሰንት እርግጠኛ ነኝ?» ብለሽ አትጀምሪ። «ይህንን በምን አወቅሁት?» ብለሽ ጀምሪ።

ከፕሮግራም፣ ከዕቅድ፣ ከተለመደው የነገሮች አካሄድ ካወቅሽው «ሹድ» ነው። መኪናው ሰኞ ተነስቷል፣ መንገዱ ይታወቃል፣ የዚህ ዓይነት ጉዞ ስንት ቀን እንደሚወስድ ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል፤ «ሹድ»። ዓይንሽ ካየው፣ ጆሮሽ ከሰማው ምልክት ተነስተሽ የደረስሽበት መደምደሚያ ከሆነ «ማስት» ነው። ሹፌሩ ትናንት ማታ ጋላፊን ማለፉን ነግሮሽ ነበር፤ አሁን ስልኩ አይነሳም። «ሂ ማስት ቢ ድራይቪንግ» ትያለሽ፤ እየነዳ መሆን አለበት። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ያለው የካርቶን ብዛት ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር አልገጥም አለ፤ «ዜር ማስት ቢ ኤ ሚስቴክ»፤ አንድ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አላስገደደም፤ ምልክቱ ራሱ ነው ወደ መደምደሚያው የወሰደሽ።

ምልክት የሚገኘው ከሆነ ወይም እየሆነ ካለ ነገር ነው። ለዚህ ነው «ማስት» በግምት ሥራው አሁን ላለው ሁኔታና ላለፈው የሚመቸው፤ «ማስት ቢ»፣ «ማስት ሃቭ ሌፍት»። ነገ ስለሚደርስ ነገር ግን ገና ምልክት የለም፣ ያለው ዕቅድ ነው። «ማስት አራይቭ ቱሞሮው» ያልሽ እንደሆነ እንግሊዝኛ አንባቢ ወዲያው ወደ ግዴታ ይወስደዋል። ስለ ወደፊት የምትገምቺ ከሆነ «ማስት»ን ተዪው።

ሌላም ነገር አለ። «ማስት» ሲሰሙት ጠንካራ ይመስላል። በእርግጥ ለሚያውቅ ሰው ግን ደካማ ቃል ነው። ኮንቴይነሩን ሞጆ ቆመሽ በዓይንሽ እያየሽ «ኢት ማስት ቢ ኢን ሞጆ» ካልሽ፣ አንባቢው አላየሽውም ብሎ ይገምታል። ካየሽው «ኢት ኢዝ ኢን ሞጆ» በዪ፤ ከዚያ በላይ ማጠንከሪያ የለም። አንዳንድ ጊዜ ደብዳቤሽን ለማክበር፣ ከበድ ለማድረግ ብለሽ ረዳት ግስ ስትጨምሪ አያለሁ። የምታውቂውን ነገር ያለ ረዳት ግስ ጻፊው።

አፍራሹ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። «ማስት ኖት» ክልከላ ነው። ሹፌሩ እዚያ ሊሆን እንደማይችል ለመናገር «ሂ ማስት ኖት ቢ ዜር» ብትጽፊ «እዚያ እንዳይገኝ!» እንዳልሽ ሊወሰድ ይችላል። የምትፈልጊው «ካንት ቢ» ነው። እዚህ ላይ አማርኛሽን እመኚው፤ በደንብ ይመራሻል። እኛ «ሊሆን አይችልም» እና «ላይሆን ይችላል» የሚሉትን በጭራሽ አናምታታም። የመጀመሪያው በሩን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ገርበብ ያደርገዋል። «ሊሆን አይችልም» ስትዪ «ካንት ቢ» ወይም «ኩድንት ቢ» ጻፊ፤ «ላይሆን ይችላል» ስትዪ «ማይት ኖት ቢ»። «ኩድ» እና «ማይት» በአዎንታው ጎን ጎረቤት ናቸው፣ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ አፍራሽ ሲሆኑ ግን ፍጹም ይለያያሉ። «ዘ ኢንቮይስ ኩድንት ቢ ሮንግ» ያልሽው ደንበኛ ኢንቮይሱን ዳግመኛ አያየውም። «ማይት ኖት ቢ ሮንግ» ያልሽው ግን ያመሳክራል።

አማርኛሽን የማታምኚበት ቦታ «ይችላል» ነው። «ጭነቱ ሊዘገይ ይችላል» ብለሽ አስበሽ «ዘ ሺፕመንት ካን ቢ ዲሌይድ» ትጽፊያለሽ። «ካን» እንዲህ ባለ ቦታ ስለ አንድ ነገር ጠባይ ነው የሚናገረው፤ አንዳንዴ የሚያጋጥም፣ ከልምድ የሚታወቅ ነገር። «ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ በጣም ሊበርድ ይችላል» የሚለው «ካን» ነው፤ ማንኛውም ሐምሌ ነው። ይህ ጭነት፣ በዚህ ሳምንት፣ ሊዘገይ ይችላል የሚለው ግን «ማይት»፣ «ሜይ» ወይም «ኩድ» ነው። «ነገ ሊዘንብ ይችላል» ለማለት «ኢት ካን ሬይን ቱሞሮው» ማለት ለእንግሊዝኛ ጆሮ ጎርባጣ ነው። ስለ ሁሌው ነው ወይስ ስለዚህኛው? እሱን ብቻ ጠይቂ።

«ሜይ» እና «ማይት»ን ለመለየት ብዙ አትጨነቂ። የድሮ መጻሕፍት «ሜይ» ትንሽ ጠንከር ይላል ይላሉ፤ ዛሬ ብዙ ተናጋሪ ልዩነት አያደርግባቸውም፣ «ሜይ» ብቻ ትንሽ የወግ ልብስ ይለብሳል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ልዩነቱ ያገባሻል። አንደኛው «ሜይ ኖት» ነው፤ «አይፈቀድም» ሊሆን ይችላል። «ዘ ድራይቨር ሜይ ኖት ኢንተር ዘ ፖርት ቱደይ» ያነበበ ሰው ሹፌሩ ተከልክሏል ወይስ ላይደርስ ይችላል ብሎ ይጠይቃል። «ማይት ኖት» አድርጊው፣ ጥያቄው ይጠፋል።

ሁለተኛው ከዚህ በጣም ይከብዳል። መንገድ ላይ አደጋ ደረሰ እንበል፤ እግዚአብሔር አያድርገው። መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሹፌሩ ወጥቷል፣ ደህና ነው። «ሊሞት ይችል ነበር» ለማለት «ሂ ማይት ሃቭ ዳይድ» ይባላል፤ አልሞተም። ግን ይኸው ዓረፍተ ነገር ወሬው ገና ያልታወቀ ከሆነ «ሞቶ ይሆናል» ማለትም ይሆናል። አማርኛ «ይችል ነበር» እና «ሞቶ ይሆናል» ብሎ ሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀመጠውን እንግሊዝኛ አንድ ላይ ጥሎታል። ስለዚህ ሁኔታው ገና ካልተጣራ «ሜይ ሃቭ» በዪ፤ ከታወቀና ከዳነ «ኩድ ሃቭ ዳይድ፣ በት ሂ ኢዝ ሴፍ» ብለሽ መዳኑን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢ። ይህ ደብዳቤ ወደ ማን እጅ እንደሚደርስ አታውቂም። ሚስቱ ጋ ቢደርስስ?

ወደ «ሹድ» ልመልስሽ፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ የምትጽፊው እሱን ነው። «ሹድ» የሚጠበቀውን፣ በአብዛኛው ደግሞ የሚፈለገውን ነገር ነው የሚወደው። «ዘ ሺፕመንት ሹድ ቢ ዲሌይድ» ብለሽ ብትጽፊ፣ መዘግየቱ እንዲሆን የታቀደ፣ ወይ የተገባው ነገር ይመስላል። ለክፉ ግምት ሌላ መንገድ ፈልጊ። «ኢዝ ላይክሊ ቱ ቢ ዲሌይድ» ወይም «ዊል ፕሮባብሊ ቢ ዲሌይድ» በዪ። የእኛ «ሳይዘገይ አይቀርም» ቦታው እዚህ ነው። «ሳይሆን አይቀርም» ግሩም አነጋገር ነው፤ ሰው ሳያስቀይም፣ ሳይምልም ጠንካራ ግምት ይሰጣል። ወደ እንግሊዝኛ ስትወስጂው ግን ስለ ነገ ከሆነ «ፕሮባብሊ» ይሁን፣ ስላለፈ ነገር ምልክት አይተሽ ከሆነ «ማስት ሃቭ» ይሁን። «ቀድሞ ደርሶ ሳይሆን አይቀርም» ስትዪ በር ላይ ጫማውን አይተሽ ከሆነ «ሂ ማስት ሃቭ አራይቭድ» ነው።

«ሹድ» ምክርም ስለሆነ አንባቢው እንዴት ይለየዋል ትይኝ ይሆናል። ድርጊቱ በሰውየው እጅ ያለ መሆን አለመሆኑን አይቶ ነው። «ዩ ሹድ ሪሲቭ ዘ ዶክመንትስ ቱደይ» ግምት ነው፤ መቀበል በእሱ እጅ አይደለም፣ በፖስታው እጅ ነው። «ዩ ሹድ ሴንድ ዘ ዶክመንትስ ቱደይ» ደግሞ ምክር ነው፣ ጠንከር ካለ ወቀሳ ነው፤ መላክ በእጁ ነውና። ባለፈው ጊዜ ሲሆን ይብሳል። «ዩ ሹድ ሃቭ ሪሲቭድ ኢት ባይ ናው» ማለት እስካሁን ደርሶህ መሆን አለበት ነው፤ ጨዋ ነው። «ዩ ሹድ ሃቭ ሴንት ኢት» ግን ባለመላኩ መውቀስ ነው። ለደንበኛ በተለይ ይህ ሁለተኛው ሳታስቢ እንዳያመልጥሽ። «ባይ ናው» የምትለዋን ትንሽ ሐረግ ልመጂያት፤ ግምት ስትጽፊ ብዙ ጊዜ ታድንሻለች።

«ዊል»ን የምፈራልሽ በአንድ ምክንያት ነው። እኛ ስለ ነገ ስንናገር «እግዚአብሔር ካለ»፣ «ኢንሻላህ»፣ «ሰላም ካደረገን» እንላለን። «ሐሙስ ይደርሳል፣ እግዚአብሔር ካለ» ያልሽው ሰው ቃል እንዳልገባሽለት ያውቃል፤ በሩን ገርበብ ያደረገለት ያ ሐረግ ነው። እንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ ላይ ሐረጉን ትተይውና «ይደርሳል»ን ብቻ «ዊል አራይቭ» አድርገሽ ታልፊያለሽ። ያ ሰው እጅ የሚገባው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትልቁ ጥንቃቄ የነበረበት ግማሽ ቀርቷል። ሐሙስ ካልደረሰ ደግሞ ዋሸሽኝ ይላል፣ አንቺም እኔ መቼ ማልኩ ትያለሽ፤ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ጥንቃቄውን ያለ ሐረጉ መሸከም ያለበት ረዳት ግሱ ነው፤ «ሹድ» የዚያ ሐረግ ምትክ ነው ብለሽ ያዢው። «ዊል»ን በእጅሽ ላለው ነገር አስቀምጪው፤ «አይ ዊል ሴንድ ዩ ዘ ኮፒ ቱደይ»። ኮፒው ጠረጴዛሽ ላይ ነው፣ መላክም የአንቺ ነው።

(«ዊል» አሁን ስላለ ነገር ለመገመትም ይውላል። ሹፌሩ ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ይደውላል፤ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ሲጮህ «ዛት ዊል ቢ ዘ ድራይቨር» ይላሉ። ልማድ ነው የነገራቸው። አንቺ መጻፍ ግድ የለሽም፤ ስትሰሚ ግን ስለ ወደፊት የተነገረ አይምሰልሽ።)

አሁን ሌላ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ትክክለኛውን ረዳት ግስ ብትመርጪም የማይበቃበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ ስለላ መሥሪያ ቤት፣ ሲአይኤ፣ ሶቪየት ኅብረትና አጋሮቿ በዚያ ዓመት ዩጎዝላቪያን ያጠቁ እንደሆነ ግምገማ አወጣ። ሰነዱ ጥቃቱን «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» አለው፤ በቁም ነገር ሊታሰብ የሚገባ ዕድል ማለት ነው። ከግምገማው ባለቤቶች አንዱ ሸርማን ኬንት ነበር። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰው ምን ያህል ማለታችሁ ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ኬንት ለእሱ 65 ለ35 ያህል እንደሆነ፣ ያውም ወደ ጥቃቱ እንደሚያደላ ነገረው። ጠያቂው ደነገጠ፤ እነሱ ከዚያ በጣም ዝቅ አድርገው ነበር ያነበቡት። ኬንት ተመልሶ አብረውት ሰነዱን ያጸደቁትን ባልደረቦቹን ሲጠይቅ አንዱ 20 ለ80፣ ሌላው 80 ለ20 አለው። ሁሉም በአንድ ቃል ተስማምተው ፈርመዋል፣ በልባቸው ያለው ግን ይህን ያህል ይራራቅ ነበር። ኬንት እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንን ጽፎ አወጣው፣ ቃላቱም ቁጥር ይሰጣቸው ብሎ ተከራከረ። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ ይህንኑ ያደርጋል፤ በሪፖርቱ ውስጥ «ላይክሊ» ሲል ከ66 እስከ 100 ፐርሰንት፣ «ቬሪ ላይክሊ» ሲል ከ90 እስከ 100 ፐርሰንት ማለቱ እንደሆነ ጽፎ አስቀምጧል።

ለአንቺ ፐርሰንት አይመጥንሽም። ግን ገንዘብ ወይም የሰው ጤና የሚወሰንበት ነገር ሲሆን፣ ረዳት ግሱን ብቻውን አትላኪው። ምን ላይ እንደቆመ ጨምሪበት። «ሐሙስ ሹድ አራይቭ» ካልሽ በኋላ «መኪናው ዛሬ ጠዋት ሚሌን አልፏል» ብለሽ አክይ። «ፍተሻ ካልገጠመው» የሚለውንም አክይ። አንባቢሽ በራሱ ይመዝነዋል። እኔ ከሁሉም በላይ ይህቺን ልምድ ብትይዥልኝ ደስ ይለኛል፤ ግሱን ብትሳሳቺ እንኳ ምክንያቱ ያርምሻል።

ተቃራኒው ጥፋት ደግሞ ጥርጣሬን መከመር ነው። እኛ ጨዋ ለመሆን «ምናልባት ሊሆን ይችል ይሆናል» እንላለን፣ ማንም አይከፋም። «ኢት ማይት ፐርሃፕስ ፖሲብሊ ቢ» ብለሽ ስትጽፊ ግን አንባቢው የምትሸሺ ይመስለዋል። አንድ ጥርጣሬ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ማይት» ካልሽ «ምናልባት»ን ተዪው።

ይህ ሁሉ የቢሮ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆና ለእናቷ ሐኪም ቤት የምታስተረጉም ልጅ በየቀኑ የምታነሳው ሸክም ይኸው ነው። ሐኪሙ «ኢት ሹድ ቢ ፋይን» ሲል፣ ልጅቷ እናቷን ለማጽናናት «ደህና ነሽ አለ» ትላለች። አላለም። ነገሩ በተለመደው መንገድ ከሄደ ደህና ይሆናል ነው ያለው፤ ካልሄደ መመለስ እንዳለባት ውስጡ አለበት። እናትየው ግን «ደህና ነሽ» ተብላለችና ሲያማትም ዝም ትላለች። «ኢት ማይት ቢ ዳያቢቲስ» ሲል ደግሞ «ስኳር አለብሽ አለ» ብላ የምታስደነግጥ አለች። ገና አላወቀም፤ ምርመራ ያዛል። «ሊሆን ይችላል፣ ገና አልታወቀም» ቢባል ምን ነበረበት? አንቺም አንድ ቀን ለእማማ ልታስተረጉሚላት ትችያለሽ። ያኔ የሐኪሙን ጥርጣሬ ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ አድርሺላት።

አሁን የሚቀረኝ ስልክ ነው። ደብዳቤ ላይ «ሹድ» አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ስልክ ላይ ግን ድምፁ ይለያያል። ሰውየው «ኢት ሹድ ቢ ሪሊዝድ ቱደይ» ሲልሽ ቃሉን ቀለል አድርጎ ካለፈው እየጠበቀ ነው፣ ተረጋጊ። «ሹድ» ላይ ረግጦ፣ ሳብ አድርጎ፣ ካለው ግን ልቡ ተጠራጥሯል፤ መለቀቅ ነበረበት፣ እኔ ግን እንጃ እያለሽ ነው። ያኔ አመስግነሽ ስልኩን አትዝጊ። «ምንድነው የቀረው? የማን ፊርማ ነው?» ብለሽ ጠይቂው፤ የሚነግርሽንም በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ላይ ስሙን ጠርተሽ ጻፊው።